የዓመት በዓል በሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት
አጭር ታሪካዊ ዳሰሳ

አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በቤቱ የሚከበረውን በዓል እንዲሥል በተጠየቀ ጊዜ የጎረቤቱን ቤት ሣለ። ይህን የተመለከትሁት የኮሌጃችን ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ በተሠማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ቀጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል፣ ረከቦት፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ይታዩበታል። ስለ ምን የራሱን ቤት እንዳልሣለ ስጠይቀው «የኛ በዓል መጽሐፍ ላይ የለም» አለኝ። ልጁ ስሕተት አልሠራም፤ ከመጽሐፍ የተረዳውን ነው የተናገረው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የዚህ ልጅ ቤት ከመጽሐፉ እንዴት እንደቀረ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው።

ሕፃናትን በሥዕል አስደግፎ ማስተማር በአውሮፓ ዘመን ያስቈጠረ ሐሳብ ነው። ኮሜኒየስ የተባለው የሞራቪያ መምህር ለልጆች ያዘጋጀው ሥዕላዊ መጽሐፍ በኑረምበርግ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1658 ነበር። በአገራችን ደግሞ የብራና መጻሕፍት ሥዕል የበለጸገ ቢሆንም ሥዕሉ ለሕፃን ማስተማሪያ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ተነሥቶ እስከ ዳዊት የሚደርሰው በጆሮውና በአፉ ነው፤ የቁርኣን ቤት ልጅም ትምህርቱን የሚቀጽለው ከእንጨት ሰሌዳው ላይ ነው። በዓልን በመጽሐፍ ማስተማር ያላስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። ልጁ ራሱ የበዓሉ ባለ ሥራ ነበርና። ወንዶቹ ለቡሄ በትር ይዘው ይዞራሉ፤ ልጃገረዶች ለእንቍጣጣሽ አደይ አበባ ይለቅማሉ፤ ችቦ ማሰሩ፣ ለገና ጨዋታ የሚሆን ቈልማማ እንጨት መፈለጉ ሁሉ የልጅ ተግባር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋና የኅትመት ሥራ፣ በተለይም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ ሲያድግ የሕፃናት ንባብ መጽሐፍ መልክ ያዘ። ይሁን እንጂ ባለ ቀለም ሥዕል ለየቀለሙ ለየብቻው የማተሚያ ሰሌዳ የሚጠይቅ በመሆኑ ውድ ነው። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በዓል ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአንዲት የመሥመር ሥዕል፣ በቀንና በልብስ ተወስኖ ነው። አንዲት ሥዕል ብቻ የሚያስገባ አዘጋጅ የአንድን ቤት በዓል መምረጡ አይቀርም፤ የተመረጠውም ቤት ሳይታወቅ «የኢትዮጵያ ቤት» ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ለውጥ ሕግ፣ ቋንቋና ሥዕል ብለን ብንከፍለው ሦስቱ እኩል እንዳልተራመዱ እንረዳለን። ሕጉ ቀደመ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ካደረጉት ታላቅ ሰልፍ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓላት ሆነው ታወቁ። ቋንቋው ተከተለ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች መጻሕፍትን አቀረበ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። ሥዕሉ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ለዚህ እኛ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ተጠያቂዎች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጋዥ የንባብ መጻሕፍት ዝግጅት በተካሄደ ዐውደ ጥናት ላይ ተካፋይ ነበርሁ። ስለ በዓል ዋዜማ አንዲት ታሪክ በአማርኛ ጻፍንና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች እንድትመለስ አደረግን። የልጆቹ ስም ተለወጠ፤ የበዓሉ ስም ተለወጠ፤ በግ ገዝቶ ከገበያ የሚመለሰው አባት ግን በሁሉም ላይ ያው ነበር። ከአርብቶ አደር አካባቢ የመጣ አንድ መምህር ሥዕሉን ካየ በኋላ «የኛ ልጅ ይህን ሲያይ ሰውዬው ምን ደርሶበት ነው በግ የሚገዛው ብሎ ይጠይቃል» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ መጽሐፉ ግን ሳይታረም አለፈ።

የዘመን አቈጣጠሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር አረፋ በ33 ዓመት ገደማ ክረምቱንም በጋውንም ያዳርሳል። አረፋን በዝናብ ወይም በአደይ አበባ መካከል የሣለ መጽሐፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልጁ ከሚያየው ሰማይ ጋር ይጣላል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላም ቀኑ የሚታወቀው አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲወስኑ ነው፤ ስለዚህ በወርና በቀን ቢጻፍ ስሕተት ነው። ሌላም አለ። ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን፣ አሸንዳና ሻደይ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ሲውሉ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆች ራሳቸው የሚመሯቸው እነዚህ በዓላት ከመምህሩ ዓይን የሚሰወሩ ናቸውና በመጽሐፍ ሊተኩ ይገባቸው ነበር። ገና ደግሞ በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በደረቁ ወራት እየዋለ፣ ከውጭ የመጣው የስጦታ ካርድ ጥጥ የመሰለ በረዶ ያለብሰዋል፤ ይህን በረዶ ዕጩ መምህራኖቻችን ሳይቀሩ ይሥሉታል።

ባለ ቀለም የሕፃናት መጽሐፍ በአዲስ መልክ የተነቃቃው ከውጭ አገር ልምድ ጋር ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ያገለገሉት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ባለ ቀለም የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2003ም በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በውጭ የሚኖሩ ወላጆች ስለ በዓላት የሚያዘጋጇቸው መጻሕፍት እየተበራከቱ ነው። እነዚህ ስለ በዓሉ ከሥሩ ያስረዳሉ፤ መስከረም 1 ቀን ከትምህርት ገበታው ላይ ለሚውል የአሜሪካ ልጅ ይህ ተገቢ ነው። እንዳሉ ወደ አገር ቤት ክፍል ሲገቡ ግን፣ ለጎንደር ወይም ለወሊሶ ልጅ በየዓመቱ የሚያየውን ቡና ማፍላት እንደ እንግዳ ነገር ይነግሩታል።

በኮሌጃችን አሁን የምንሞክረው ዘዴ ወጪው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ዕጩ መምህሩ ከበዓሉ በፊት ወደ አንድ ተማሪ ቤት ሄዶ ማን ምን እንደሚሠራ ይጠይቃል፤ ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ቅቤ ያነጥራል፣ ልጁስ ምን ይላካል? የሚታረድ ከሌለም በዓሉ በምን እንደሚታወቅ ይመዘግባል። ከዚያም ስምንት ገጽ ሥሎ ለቤተሰቡ ያሳያል። ባለፈው መስቀል አንድ ዕጩ መምህር ለአንዲት የጉራጌ አያት ሥዕሉን ይዞ ቢቀርብ፣ እናት ክትፎውን በሳሕን ማቅረባቸውን አይተው «ጣባው የት ሄደ?» ብለው መለሱት። ጣባውን ጨምሮ ሲመጣ ኮባው ቀርቷል አሉት። ገጹ በሦስተኛው ሥዕል ተቀባይነት አገኘ።