የቦስተኑ አማኑኤል፦ ቄስና ሐኪም በአንድ ጣራ ሥር

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ሐኪሞች «ኒውራስቴኒያ» የሚሉት ሕመም፣ ማለትም በምርመራ አንዳች የተጎዳ የአካል ክፍል ሳይገኝበት እንቅልፍ የሚነሳ፣ የሚያዝልና በፍርሃት የሚያስጨንቅ የነርቭ ድካም፣ በከተማ ነዋሪዎች ዘንድ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። ለዚህ ሕመም ታዋቂ የሆነውን መድኃኒት ያዘጋጀው የፊላደልፊያው የነርቭ ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ሲሆን፣ ሕክምናው በሽተኛውን ለሳምንታት አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ወተት የበዛበት ምግብ እየመገበና ሰውነቱን እያሳሸ፣ ከዘመድ ወዳጅ ለይቶ ማሳረፍን ያዝ ነበር። ይህ መለየት የሕክምናው ዋነኛ ክፍል ነበር፤ ቤተሰብ የበሽተኛውን ሕመም እያባበለ ያሳድጋል ተብሎ ይታመን ነበርና። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቦስተን የተነሣውና ክርስትናን ከሥነ ልቦና ጋር ለማጋባት የሞከረው እንቅስቃሴ ግን መንገዱን በተቃራኒው ጀመረ፤ ታማሚውን ወደ ሰው መለሰው።

የእንቅስቃሴው መሥራች ኤልውድ ዎስተር የኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቢሆንም፣ በጀርመን አገር በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1889 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘ ሰው ነበር። ላይፕዚግ ቪልሄልም ቩንት በ1879 የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ያቋቋመባት ከተማ በመሆኗ፣ ዎስተር የሰውን አእምሮ እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ነገር መርምሮ ማወቅ ይቻላል የሚለውን አዲስ ትምህርት ከምንጩ ቀድቷል ማለት ይቻላል። ወደ አገሩ ተመልሶ በፊላደልፊያ ሲያገለግል ከሐኪሙ ከሚቸል ጋር ተወዳጀ፤ በ1904 ደግሞ በቦስተን ኒውበሪ ጎዳና ላይ የምትገኘው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሆነ። (ለአዲስ አበባ ሰው «አማኑኤል» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የአእምሮ ሕክምናው ሆስፒታል ነው፤ ሁለቱ ሞክሼ ከመሆን በቀር የሚያዛምዳቸው ታሪክ የለም።)

ነገሩ የተጀመረው ከነርቭ ሳይሆን ከሳንባ ነው። በ1905 ጆሴፍ ፕራት የተባለ ወጣት ሐኪም፣ ከከተማ ውጭ ወደሚገኙት የሳንባ ነቀርሳ ማገገሚያዎች ለመሄድ አቅም የሌላቸውን ድሆች በየቤታቸው ለማከም ሲያስብ፣ ገንዘቡን የሰጠችው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ታማሚዎቹ በጣራና በሰገነት ላይ ንጹሕ አየር እየሳቡ ይተኛሉ፤ የሰውነታቸውን ሙቀት፣ የበሉትንና ያረፉበትን ሰዓት በደብተር ይመዘግባሉ፤ በየሳምንቱም ተሰብስበው ደብተራቸውን ለሐኪሙ ያሳያሉ። ፕራት ስብሰባውን ያሰበው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ለማስተማር፣ ጊዜና ገንዘብም ለመቆጠብ ነበር። ይሁን እንጂ በዘርና በሃይማኖት የተለያዩት እነዚህ ሰዎች በአንድ ሕመም ምክንያት ወዳጅ ሲሆኑ፣ አንዱ ክብደት መጨመሩ ሌላውን ሲያበረታ አስተዋለ፤ ዛሬ የቡድን ሕክምና የሚባለው ዘዴ ታሪክ ሲጻፍም ይህ ስብሰባ ከመነሻዎቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ይህን ያየው ዎስተር በኅዳር 1906 ለነርቭ ሕመምተኞች ተመሳሳይ በር ከፈተ። የሃርቫርዱ የነርቭ ሕክምና ሊቅ ጄምስ ጃክሰን ፑትናምና ሐኪሙ ሪቻርድ ካቦት ድጋፋቸውን ሰጡት፤ ከዎስተር ሕዝባዊ ንግግሮች በኋላ ምክር ለሚሹ ሁሉ በሩ ክፍት መሆኑ ሲነገርም 200 ያህል ሰው መጣ። አሠራሩ ሥርዓት ነበረው። ታማሚው አስቀድሞ በሐኪም ይመረመራል፤ አካላዊ ጉዳት ያለበት ወደ ሆስፒታል ይላካል፤ የተቀረው ብቻ በቄሱ ክፍል ምቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ የልቡን ይናገራል። ከዚያም «ሰጀሽን» የተባለው ዘዴ ይከተላል፤ ይኸውም ታማሚው ሰውነቱን ዘና አድርጎ ሳለ የሰላምና የብርታት ሐሳብ በለሆሳስ እየተደጋገመ በአእምሮው እንዲሰርጽ ማድረግ ነው። ረቡዕ ማታ ደግሞ መዝሙር፣ ንባብና ስለ ጭንቀት ወይም ስለ ቁጣ የሚሰጥ ትምህርት ያለው ጉባኤ ይደረጋል፤ ከጉባኤው በኋላ ሰዎቹ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። በዘመኑ ጋዜጦች ዘንድ ስሙ የገነነው ሰጀሽን ቢሆንም፣ ዕድሜው ረጅም የሆነው ግን የረቡዑ ጨዋታ ሳይሆን አይቀርም።

የንስሐ አባት በየቤቱ ገብቶ ባልና ሚስት በሚያስታርቅበት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ ባህል ለኖረ አንባቢ፣ አንድ ቄስ ምስጢር መስማቱ ይህን ያህል ለምን እንዳነጋገረ ግራ ሊያጋባው ይችላል። በቦስተን ፕሮቴስታንቶች ዘንድ ግን ለካህን በግል መናዘዝ የተለመደ አልነበረም፤ ስለዚህ ዎስተር በሥነ ልቦና ስም የመለሰው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ የተወችውን ልማድ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዎስተር ከባልደረባው ከቄስ ሳሙኤል ማኮምና ከሐኪሙ ኢሳዶር ኮሪያት ጋር ያዘጋጀው «ሃይማኖትና ሕክምና» የተባለ መጽሐፍ በ1908 ታትሞ ዝናው ሲሰፋ ተቃውሞውም በረታ። ብዙዎቹ ሐኪሞች የፈሩት ከዎስተር ሥራ ይልቅ የተከታዮቹን ነበር፤ በየከተማው ያለ በቂ ሥልጠና ማከም የሚጀምሩ ቄሶች ተነሥተዋልና። ፑትናም ድጋፉን አነሣ፤ በ1909 ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ጋብዞት የመጣው ሲግመንድ ፍሮይድም ለአንድ የቦስተን ጋዜጣ ስለ እንቅስቃሴው ሲናገር ነቀፋውን አልሸሸገም። ዎስተር የታማሚው የራሱ ሐኪም ካልላከው በቀር ላለመቀበል ደንብ አጠበቀ። ሥጋቱ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ተቺዎች ከታማሚው ጉዳት ይልቅ የሙያቸው አጥር መደፈሩ ያሳሰባቸው ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ካህን ወዳልሆኑ ሰዎች እጅ ገባ። ኮርትኔ ቤይለር የተባለ የኢንሹራንስ ወኪል ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ ወደ ዎስተር መጥቶ ከተፈወሰ በኋላ፣ በ1912 ራሱ ሌሎች ጠጪዎችን መርዳት ጀመረ፤ የደረሰበትን ሳይደብቅ እየተረከ የሚያማክረውን ሰው ወዳጅ ያደርግ ነበር። ከእርሱ የተማረው ሪቻርድ ፒቦዲ በ1931 ባሳተመው መጽሐፉ ዘዴውን ይዞ ሃይማኖቱን ተወው። አማካሪው ራሱ ያገገመ ጠጪ የሆነበት ይህ አካሄድ በ1935 ከተመሠረተው ከስም-የለሽ ጠጪዎች ማኅበር አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ማኅበሩ ግን በቀጥታ የወጣው ኦክስፎርድ ግሩፕ ከተባለ ሌላ የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን እንደገና የያዘችው በሌላ በር ነው። ከ1906ቱ ደጋፊዎች አንዱ የነበረው ካቦት፣ የነገረ መለኮት ተማሪ እንደ ሕክምና ተማሪ በሆስፒታል ሊሠለጥን ይገባል ብሎ በ1925 ጻፈ፤ በዚያው ዓመት፣ ቀደም ሲል ራሱ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ የወጣው ቄስ አንቶን ቦይሰን በማሳቹሴትስ ዎስተር በተባለች ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ። ቦይሰን ታማሚውን «ሕያው ሰነድ» አድርጎ ያነብ ነበር። በኋላም ካቦት ከሆስፒታል ካህኑ ከራስል ዲክስ ጋር ስለ ሕሙማን አገልግሎት የጻፉት መጽሐፍ በ1936 ሲታተም፣ ስብከትና ሰጀሽን ወደ ኋላ ቀርተው ማዳመጥ ፊት ወጣ፤ ተማሪውም ከታማሚው ጋር ያደረገውን ንግግር ቃል በቃል ጽፎ ለመምህሩ እንዲያቀርብ፣ የት ላይ እንዳቋረጠውና የት ላይ ለመምከር እንደቸኮለ ከወረቀቱ እንዲታይ ተደረገ።