ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የወጣችው ጽጌ ረዳ

የወረዳችን የፃግብጂ ልጅ ጽጌ ረዳን መጀመሪያ የሚያውቃት በአፉ ነው። ቀጋ ሲቀላ ከብት የምንጠብቅ ልጆች አጥር ለአጥር እንዞር ነበር። ፍሬው የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ላዩ ይጣፍጣል፤ ውስጡ ግን ፀጉራም ዘር አለው፣ እሱን የዋጠ ጉሮሮውን ሲያሳክከው ይውላል። አያቴ «ላዩን ብላ፣ ውስጡን ለምድር መልስ» ትለኝ ነበር። እሷ ማሳከኩን አስባ ነው፤ እኛ ግን የተፋነው ዘር በየአጥሩ ሥር ሲበቅል አየን።

ቀጋ ራሱ ጽጌ ረዳ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል የሆነው የጽጌ ረዳ ዝርያ እሱ ብቻ ነው። በ1809 እና በ1810 (እ.ኤ.አ.) ለሁለተኛ ጊዜ ትግራይን የዞረውና እስከ ተከዜ የወረደው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በ1814 የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ የእጽዋት ሊቁ ሮበርት ብራውን ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የአገራችንን እጽዋት ዘረዘረ። ቀጋን «ሮዛ አቢሲኒካ» አለው። በ1820 ደግሞ ጆን ሊንድሌይ ስለ ጽጌ ረዳዎች በጻፈው መጽሐፍ መልኩን አንድ በአንድ አስቀመጠ።

አበባውን ቀርቦ ላየው ሰው ቀጋ ከአበባ ሻጭ ባልዲ ውስጥ ከምናውቃት ጽጌ ረዳ ጋር ዘመድ አይመስልም። አበባው ነጭ፣ አንዳንዴ ወደ ቅቤ የሚያደላ፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው ነው። መሐሉ ላይ ቢጫ ክሮች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ በክሮቹ መካከል ደግሞ ቀጫጭን ዘንጎች እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ አንድ ትንሽ ምሰሶ ብቅ ይላሉ። ሽታው ጠዋት ላይ ከሩቅ ይጣራል። እሾሁ ወደ ታች የታጠፈ መንጠቆ ነው፤ ነጠላ ከያዘ አይለቅም። ከብት እንዳያልፍ የሚፈልግ ገበሬ ይወደዋል፤ በክፉ ዘመን ደግሞ ፍሬው ሆድ ማስታገሻ ሆኗል።

ይሁንና የዛሬው ነገሬ ስለ ቀጋ ብቻ አይደለም። ደገኛው አገራችን አንዲት ሌላ ጽጌ ረዳ ነበረችው፤ እሷ በጫካና በአጥር ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ትኖር ነበር።

በ1839 (እ.ኤ.አ.) ከተነሣው የፈረንሳይ የጉዞ ቡድን ጋር ሁለት ሐኪሞች እጽዋት ሊሰበስቡ መጥተው ነበር። ካርተን ዲዮን በበረሃ ንዳድ ሞተ። ፐቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ። በዚያው ዘመን በ1837 የመጣው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐርም በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየዞረ ይሰበስብ ነበር። እሱን የላከው ኤስሊንገን ከተማ ላይ የተቋቋመ የእጽዋት ወዳጆች ማኅበር ሲሆን አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው የደረቀውን ተክል ይከፋፈሉ ነበር። ሺምፐር አገሩ አልተመለሰም፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ በ1878 ዓድዋ ላይ ዐረፈ። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 የኢትዮጵያን እጽዋት መጽሐፍ ያዘጋጀው እነዚህ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው። በዚያ መጽሐፍ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተተክላ ለተገኘች ፈዛዛ ሮዝ አበባ «ሮዛ ሳንክታ» የሚል ስም ሰጣት፤ ቅድስት ጽጌ ረዳ ማለት ነው። ስሙ ቀደም ሲል ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር በ1922 አልፍሬድ ሬደር በራሱ በሪሻር ስም «ሮዛ ሪሻርዲ» ብሎ ለወጠው። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ወሬ ከግብፅ ነው። በ1888 (እ.ኤ.አ.) ፍሊንደርስ ፔትሪ በፋዩም አውራጃ፣ ሐዋራ ከሚባል ቦታ ከቆፈራቸው መቃብሮች ውስጥ የጽጌ ረዳ ጉንጉን አገኘ። ጉንጉኑን የሠሩት ሰዎች ቅጠሉ እንዳይረግፍ አበባውን ሳይፈካ፣ በእምቡጡ ቀጥፈውት ነበር። ከመድረቁ የተነሣ ተጨማትሮ እንደ እንክብል ሆኗል። በውሃ አርሰው ቀስ ብለው ሲፈቱት ግን በውስጡ ያለው የክር ብዛት እንዳለ ወጣ፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በጨለማ ተቀምጦ። ቤልጅየማዊው የጽጌ ረዳ ሊቅ ፍራንሷ ክሬፓን መርምሮ፣ ይህችማ የትግራይዋ ቅድስት ጽጌ ረዳ ናት አለ።

ታዲያ በግብፅ መቃብርና በትግራይ ቤተ ክርስቲያን ምን አገናኛት? ክሬፓን ጣቱን የቀሰረው እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በምንለው በፍሬምናጦስ ላይ ነው። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነው፣ ጢሮስ ደግሞ የፊንቄ ከተማ ናት። የፊንቄ ስም በአበባዋ ትውልድም ይነሣል፤ ከሁለት ዝርያ ተዳቅላ የመጣች ናትና። አንዱ ወላጇ የአውሮፓና የምዕራብ እስያዋ ሮዛ ጋሊካ ስትሆን፣ ሌላው ወላጅ የፊንቄ ጽጌ ረዳ ነው የሚሉ አሉ፤ የእኛው ቀጋ ነው የሚሉም አሉ። ፍሬምናጦስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከእስክንድርያ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም ሲመለስ አበባዋን አብሮ አመጣት የሚለው የክሬፓን ግምት እንጂ ማስረጃ የተገኘለት ታሪክ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማንም ያምጣት ማን፣ ይህች አበባ ያለ ሰው እጅ በራሷ አገር ለአገር አትሄድም። አንድ ሰው ከሥሯ የበቀለውን ቀንበጥ ፈንቅሎ ለሌላው ካልሰጠ መንገዷ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከደብር ደብር ያደረሷት ስማቸው ያልተጻፈ ቄሶችና መነኮሳት ናቸው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌተ ጽጌ ለሚያደርስ ካህን፣ አበባ የእመቤታችን ምሳሌ ነው፤ ቅጽሩ ውስጥ አንዲት ጽጌ ማጠጣት የአገልግሎቱ አካል ሳይመስለው አይቀርም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቅድስቲቱ ጽጌ ረዳ የአውሮፓ አትክልት ቦታዎች ገባች። ዛሬ እዚያ የጥንት ጽጌ ረዳ የሚሰበስቡ ሰዎች ከችግኝ ቤት ይገዟታል፣ ሥሯን ከፍለው ለወዳጅ ያካፍሏታል። እኛ ዘንድ ደግሞ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ በላስቲክ ቤት የሚመረተው ጽጌ ረዳ አብዛኛው ውጭ አገር የተዳቀለ ነው፤ አምራቹ ለአዳቃዩ ድርጅት የባለቤትነት ክፍያ ይከፍላል፣ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለጎረቤቱ መስጠትም አይችልም። እርሻዎቹ ለብዙ ሺህ ወጣቶች እንጀራ ሆነዋልና አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ቄስ ለቄስ ያለ ክፍያ ሲቀባበላት የኖረችው አበባ በገዛ አገሯ ፈላጊ ማጣቷ ያንገበግበኛል።

የወረዳችንን ሰዎች፣ የሰቆጣንም፣ አንድ ነገር ለመለመን ነው ይህን ሁሉ መጻፌ። በገጠር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቁመቷ ከወገብ እምብዛም የማያልፍ፣ አበባዋ አምስት ቅጠል ያለው፣ ፈዛዛ ሮዝ ሆና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምታብብ ጽጌ ረዳ ካያችሁ፣ አዲስና ደማቅ አበባ ለመትከል ብላችሁ አትንቀሏት። የቤተ ክርስቲያኑን አባት አስፈቅዳችሁ ከጎኗ የወጣውን ቀንበጥ ከነሥሩ ፈንቅሉ፤ አፈሩን ሳታራግፉ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። ፀሐይ ካላገኘው፣ በእግር እስከ ሰቆጣም ቢሆን ሳይጠወልግ ይደርሳል።