ዳንስ ወደ ሕክምና የገባበት ታሪክና ስሜትን ለማረጋጋት የሰጠው ጥቅም

ሕፃን ባለቀሰ ጊዜ እናቱ አዝላ እሹሩሩ እያለች እንደምታወዛውዘውና እርሱም ጸጥ እንደሚል የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ምክንያቱ ተመርምሮ በሐኪም ቤት ውስጥ ቦታ ያገኘው ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዳንስ ወደ ተግባር ሕክምና እንዴት እንደ ገባ በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየትና ከታሪኩ የሚገኘውን አንድ ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ቃላቱን መወሰን ያስፈልጋል። የተግባር ሕክምና ያልነው በውጭ አገር ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለውን ሙያ ነው። ይኸውም ሕመምተኛው ወይም አካሉ የተጐዳው ሰው መልበስን፣ መብላትን፣ መማርን፣ መሥራትንና መጫወትን የመሰለውን የዕለት ተግባር ራሱ እያደረገ ችሎታውን እንዲያገኝ የሚረዳ ነው። ስሜትን ማረጋጋት ማለት ደግሞ ዓይን፣ ጆሮ፣ ቈዳና ጡንቻ ወደ አንጐል የሚልኩት ወሬ ከመጠን በላይ ሳይበዛም ሳያንስም ሰውየው የያዘውን ተግባር ለመፈጸም እንዲችል ማድረግ ነው። ዳንስ ስንልም በግዕዝ ዘፈነ የሚለው ቃል የያዘውን፣ ሰውነትን በምት ማንቀሳቀስን፣ ማለታችን ነው።

፩. ከእጅ ሥራ ወደ ምት

የተግባር ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የቆመው በማርች ወር 1917 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በክሊፍተን ስፕሪንግስ ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሚስተር ጆርጅ ባርተን አርክቴክት ነበሩ፤ በሳንባ ነቀርሳና በሽባነት ከተጐዱ በኋላ በእንጨት ሥራና በአትክልት ሥራ ራሳቸውን ለማበርታት የቻሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ የሙያው መሣሪያ በመጀመሪያ ጊዜ ሽመና፣ ቅርጫት፣ እንጨትና የመሳሰለው የእጅ ሥራ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዳንስ በር የከፈተው ሐሳብ ቶሎ ተገለጸ። በ1922 በባልቲሞር ከተማ ያስተምሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ዶክተር አዶልፍ ማየር ስለዚሁ ሙያ ፍልስፍና አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። በጽሑፋቸውም የሰው ሕይወት በሥራ፣ በጨዋታ፣ በዕረፍትና በእንቅልፍ መካከል የሚመላለስ ምት እንዳላት፣ ጤንነትም የዚህ ምት መመጣጠን እንደ ሆነ አስረዱ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ለበሽተኛው ምን ሥራ እንስጠው የሚል ብቻ አልሆነም፤ የተዛባው ምት እንዴት ይመለስ የሚልም ሆነ።

፪. ማሪያን ቼስ በዋሽንግተን

ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ የሰጡት ግን ሐኪም ወይም ፈላስፋ ሳይሆኑ የዳንስ መምህርት ናቸው። ማሪያን ቼስ በ1896 ተወልደው፣ ዴኒሾን በተባለው ስመ ጥር የዳንስ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዋሽንግተን ከተማ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፍተው ያስተምሩ ነበር። በ1942 በዚያው ከተማ በሚገኘው በቅድስት ኤልሳቤጥ የአእምሮ ሐኪም ቤት ሥራ ጀመሩ።

የሥራቸውን ዋጋ ለመመዘን ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። በ1942 የአእምሮ ሕመምን የሚያስታግሱት የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ገና አልተገኙም፤ ክሎርፕሮማዚን የተባለው በአሜሪካን አገር የተፈቀደው በ1954 ነው። ስለዚህ የሚታወከውን በሽተኛ ለማብረድ ከተለመዱት ዘዴዎች መካከል በእርጥብ አንሶላ አጥብቆ መጠቅለል፣ በኢንሱሊን ማደንዘዝና የኤሌክትሪክ ንዝረት ይገኙ ነበር። እነዚህ ሁሉ በሽተኛው ላይ የሚደረጉ ነገሮች ነበሩ እንጂ በሽተኛው የሚያደርጋቸው አልነበሩም።

ቼስ ያደረጉት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በሽተኞቹን በክብ ያቆማሉ፤ ሙዚቃ ያሰማሉ፤ ከዚያም አንዱ በሽተኛ እጁን ቢያወዛውዝ ወይም በእግሩ መሬቱን ቢመታ እንቅስቃሴውን ራሳቸው ይቀበላሉ። መቀበላቸው ግን እንደ ማላገጫ አይደለም፤ የዚያን ሰው ስሜት በሰውነታቸው ከተጋሩ በኋላ እንቅስቃሴውን ቀስ በቀስ ያሰፉታል፣ ለሌሎቹም ያካፍላሉ። በዚህ መንገድ ከሰው ጋር መነጋገር ያቃተው በሽተኛ በክቡ ውስጥ ቦታ ያገኝ ነበር። በ1966 የአሜሪካ የዳንስ ሕክምና ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በ1970ም ዐረፉ።

፫. የጂን ኤርስ ትምህርት

ምትና እንቅስቃሴ ለምን ያረጋጋሉ ለሚለው ጥያቄ በተግባር ሕክምና በኩል ሰፊ ማብራሪያ የቀረበው ቼስ ሥራቸውን ከጀመሩ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዶክተር ጂን ኤርስ በካሊፎርኒያ የተግባር ሕክምና ባለሙያ ነበሩ፤ በ1972 ስለ ስሜት ሕዋሳት ቅንጅትና ስለ ትምህርት ችግር የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ከማየትና ከመስማት በፊት የሚታሰቡ ሦስት ስሜቶች አሉ፤ እነርሱም በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን ስሜት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ያለው ስሜትና የመዳሰስ ስሜት ናቸው። እነዚህ በአንጐል ውስጥ በሚገባ ካልተቀናጁ ልጁ ይቅበጠበጣል፣ ወይም ይፈዛል፣ ወይም ልብሱ ቈዳውን ሲነካው እንኳ ይጨነቃል።

እዚህ ላይ አንባቢ ወደ እሹሩሩ ቢመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። መወዛወዙ ለሚዛን፣ ጥብቅ ብሎ መታዘሉ ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ፣ የእናቲቱ ገላ ለመዳሰስ ነው። ዳንስም እንዲሁ ሦስቱን በአንድነት ይሰጣል። ባለሙያዎች በልምድ እንደሚጠቀሙበት፣ ዝግ ያለና አንድ ዓይነት ውዝዋዜ በአብዛኛው ያበርዳል፤ ፈጣን መሽከርከርና ድንገተኛ ማቆም ያነቃቃል፤ መሬትን መርገጥና መግፋት ሰውነት የት እንዳለ ያሳውቃል። ምቱ ተደጋጋሚ ስለ ሆነም ቀጥሎ የሚመጣው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ድንገተኛ ነገር ለሚያስደነግጠው ልጅ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። መነካትን የማይችል ልጅ እጅ በመያያዝ ፈንታ የሻሽ ጫፍ ሊይዝ፣ የከበሮ ድምፅ የሚያስጨንቀውም ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ኤርስ ልጁን እንደ ዕቃ ማሽከርከርን ሕክምና አለማለታቸው ነው። ልጁ ራሱ ፈልጎ መንቀሳቀስ አለበት፤ ባለሙያውም የልጁን ፍላጎት ተከትሎ ለችሎታው የሚመጥን ሥራ ያቀርብለታል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ ሐሳብ ተገናኝተዋል፤ መሪው የሚረዳው ሰው ነው፣ ረዳቱ ተከታይ ነው።

፬. ሁሉን የሚያሳትፍ ዳንስ

ሦስተኛው እርምጃ የመጣው ከሐኪም ቤት ውጭ ነው። የእንግሊዝ ዳንሰኛ የነበሩት ሰለስት ዳንዴከር በ1973 መድረክ ላይ ወድቀው አንገታቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። በ1991 ከአዳም ቤንጃሚን ጋር ሆነው አካለ ጐዶሎ የሆኑና ያልሆኑ ዳንሰኞች አብረው የሚሠሩበትን ካንዱኮ የተባለውን ቡድን በለንደን አቋቋሙ። ይህ ቡድን ሥራው እንደ ጥበብ እንዲመዘን ፈለገ እንጂ እንደ ምጽዋት እንዲታይ አልፈለገም።

የዚህ ታሪክ አንድ ቅርንጫፍ ወደ አገራችን ደርሷል። የእንግሊዝ የዳንስ ደራሲ ሮይስተን ማልዱም በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ በችግር ላይ የነበሩ ወጣቶችን ያሠለጠኑበት አዱኛ የተባለ የዳንስ ቡድን ነበር። በኋላም ይኸው አዳም ቤንጃሚን ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከአዱኛ ወጣቶች ጋር አካለ ጐዶሎ የሆኑ ዳንሰኞችን አሠለጠኑ። በእኔ አስተያየት አገራችን ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት፤ የእስክስታ ዋና ኀይሉ በትከሻና በአንገት ስለ ሆነ እግሩ ያልታዘዘለት ሰው በወንበሩ ላይ ሆኖ ከክቡ መካከል በሙሉ ክብር ሊገባ ይችላል።

፭. ክርክሩና መደምደሚያው

በሌላ በኩል ጥርጣሬው መዘንጋት የለበትም። በ2012 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ስሜትን በማቀናጀት የሚሰጠው ሕክምና ማስረጃው ውሱን መሆኑን ለወላጆች መንገር እንደሚገባ አሳሰበ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለስሜት አብዝቶ ወይም አሳንሶ መመለስን ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዘገበ። እንግዲህ ችግሩ መኖሩ ታውቋል፤ መድኃኒቱ ግን ገና መመዘን አለበት።

መመዘኛው ምን ይሁን? በእኔ አስተያየት የታሪኩ ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጸጥ ማለቱን ብቻ የምንለካ ከሆነ፣ እርጥቡ አንሶላም ጸጥ ያሰኝ ነበር። መለካት የሚገባው ልጁ ከዳንሱ በኋላ ምን ለማድረግ እንደ ቻለ ነው፤ ይኸውም ምግቡን ከቤተ ሰቡ ጋር መብላቱ፣ ሌሊት መተኛቱ፣ በክፍል ውስጥ መቀመጡ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር መጫወቱ ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በካናዳ ከሚገኘው ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2017 ከጀመረው ትብብር ወዲህ የተግባር ሕክምና ትምህርት በአገራችን ሥር መያዝ ጀምሯል። ይህን ሙያ የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጭፈራችንን ወደ ክፍላቸው ሲያስገቡ፣ ከበሮውን ከመምታታቸው በፊት የልጁን ምት ቢያዳምጡ ማሪያን ቼስ የጀመሩትን ሥራ በትክክል ቀጠሉ ማለት ነው።