ክኒኑና የወር አበባ ቀን

ከድሬዳዋ ወደ መካ ለምትጓዝ ሴት የወር አበባዋ ቀን ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ደሙ ሳይቆም ካዕባን መዞር አይፈቀድላትምና። ኦርቶዶክሳዊቷም በዚያ ጊዜ ቤተ መቅደስ አትገባም።

ኤኖቪድ የተባለው ክኒን በአሜሪካ በ1949 ዓ.ም. የተፈቀደው ለወር አበባ መዛባት ሕክምና ነበር፤ ለእርግዝና መከላከያነት የተፈቀደው ገና በ1952 ነው። እንግዲህ ቀን ማስተካከል ለክኒኑ እንግዳ ሥራ አይደለም። በተለመደው አወሳሰድ፣ 21 ቀን ተውጦ 7 ቀን ሲታረፍ የሚታየው ደም ሆርሞኑ ስለ ተቋረጠ የሚመጣ ነው። ዕረፍቱ ቀርቶ አዲሱ እሽግ ቢቀጥል ደሙ ይዘገያል፤ አልፎ አልፎ ግን ጠብታ አይጠፋም።

የሚያስገርመው፣ በዚያው በ1949 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ለሕዝብ ማስታወቅን መከልከሉ ነው። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ቢሆን ደም የመርጋት ሕመም የነበረባት ሴት ክኒኑን ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት።