የቀድሞው ምስል በአዲሱ የቴሌቪዥን መስኮት

የቴሌቪዥን ታሪክ በአመዛኙ የመስመር ታሪክ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1936 ከለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር ሁለት ሥርዓቶችን ጎን ለጎን ሞክሮ፣ በተከታዩ ዓመት ባለ405 መስመሩን መረጠ። አሜሪካ በ1941 525 መስመርን ደነገገች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛው አውሮፓ 625 መስመርን ተቀበለ። በ1967 በምዕራብ ጀርመንና በብሪታንያ ሥርጭት ላይ የዋለው፣ ፓል የተባለው የቀለም ሥርዓት በዚሁ መስመር ላይ የቆመ ነበር። ኢትዮጵያም መደበኛ የቀለም ሥርጭት ስትጀምር የተከተለችው ይህንኑ መንገድ ነው።

ዛሬ ይህ ምስል በሰፊውና በጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ላይ ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ብዙ ተመልካች የቀድሞው ሥራ ጥራት እንደጎደለው አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ ፍርድ ግን ሚዛናዊ አይደለም፤ ምስሉ የተሰናዳው ለሌላ ዐይነት መቀበያ ነበርና።

የዚያ ዘመን መሐንዲሶች የአየር ሞገድን ለመቈጠብ ሲሉ አንዱን ምስል ለሁለት ከፈሉት። በመጀመሪያ 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው መስመር እያለ ግማሹ ይላካል፤ ቀጥሎ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው እያለ ቀሪው ይከተላል። በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስሎች ይላካሉ። ቀለሙንም በጥቁርና ነጩ ምልክት ውስጥ አሳፈሩት። የካቶድ ጨረር ቱቦም ይህን ሁሉ በለስላሳ ብርሃኑ ያዋሕደው ነበር።

አዲሱ መቀበያ ግን ቱቦ የለውም፤ የተሠራው ከቋሚ ነጥቦች ነው። በ1982 በጸደቀው ዓለም አቀፍ የዲጂታል ስምምነት መሠረት አንዱ መስመር 720 ነጥብ ይይዛል፤ ከ625ቱም ምስል ተሸካሚዎቹ 576 ናቸው። ድምሩ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ይኸው ምስል 3,840 በ2,160 ነጥብ ባለው መስኮት ላይ የ4 ለ3 ቅርጹን ጠብቆ ሲቀርብ 6,220,800 ነጥብ መሙላት አለበት። እንግዲህ ከ15 ነጥቦች 14ቱ በስሌት የተገኙ ናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ የተሻለ ምስል የሚገኘው ለስሌቱ ንጹሕ ጥሬ ሀብት በማቅረብ ነው። ቀለሙና ብርሃኑ በአንድነት ከሚጓዙበት ቢጫ መሰኪያ ይልቅ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ለየብቻ የሚያልፉበት ገመድ ይመረጣል። የ4 ለ3 ምስል በግራና በቀኝ ጥቁር ኅዳግ ይዞ ይታይ እንጂ አይለጠጥ፤ ሲለጠጥ የሰው ፊት ይሰፋል። የጥራት ማጉያው ዝቅ ይበል፤ ከፍ ሲል የሚጨምረው አዲስ ዝርዝር ሳይሆን በነገሮች ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ጥላ ነውና። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውም ስልት ቢዘጋ ይመረጣል። ተመልካቹም ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ዐይኑ ራሱ የቱቦውን ሥራ በከፊል ይሠራል።

የነገሩ ክብደት ከአንድ ቤት ሳሎን ያለፈ ነው። የብዙ አገሮች የዐሥርት ዓመታት ዜና፣ ቲያትርና ሙዚቃ የተቀረጸው በእነዚህ መስመሮች ነው። በቤት ያለ ተመልካች የተሳሳተ ማስተካከያውን ነገ ሊመልሰው ይችላል። ካሴት ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ግን ምስሉ ከተለጠጠ፣ ወይም ከሁለቱ ግማሾች አንዱ ከተጣለ፣ ዋናው ካሴት ባረጀ ጊዜ የሚመልሰው የለም። ከሁሉ አስቀድሞ ምስሉ በመጣበት መልክ፣ ግማሾቹም ሳይነኩ ሊቀመጥ ይገባል፤ ማሳመሩ በየዘመኑ ለሚመጣው መቀበያ ይተው።