የዘር ምርምር ረዳቱ መንገድ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ዲማ ስሟ የታወቀው በቅኔ ትምህርት ነው፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ ናት። በቅኔ ቤት ወጣቱ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይጀምራል፤ ሲገፋ ለታናናሾቹ ያስነግራል፤ ሲበቃም ራሱ መምህር ይባላል። እኛ ልንመረምር የተነሣነው ግን በዚያው ደጋ ስለሚዘራው ጤፍ የሚደክመውን ሌላ ደቀ መዝሙር፣ ይኸውም የሰብል ዘር ምርምር ቴክኒሻኑን ነው። ዘመኖቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞያው በአገራችን ረዥም ዕድሜ የለውም። በ1952 በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የዓለማያ ኮሌጅም ተከተለ፤ የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያም በኮሌጁ ሥር ነበረ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲቱት ሲቋቋም፣ ከተመራማሪው ጎን ሆኖ ማሳውን የሚጠብቅ፣ የሚለካና የሚመዘግብ ሠራተኛ በብዛት አስፈለገ።

የሥራውን ክብደት ለማወቅ ጤፍን መመልከት ይበቃል። አበባዋ እጅግ ጥቃቅን ናት፤ ደግሞም ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለብዙ ዘመን ያደርጉ የነበረው ገበሬው ካቈየው ዘር መካከል የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበረ። በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ የምትከፈተው በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን ደረሱበት፤ ማዳቀልም ተቻለ። ግኝቱ የእርሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማለዳው የቴክኒሻኑ ሆነ። በአጉሊ መነጽር ሥር የወንዴውን ክፍል በጥንቃቄ ያነሣል፤ ከሌላው ዐይነት ብናኝ ያደርሳል፤ ምልክት ያስራል፤ ልጆቹንም በየትውልዱ እየዘራ ይመርጣል። በዚህ መንገድ ምርታማው ዱከምና ነጩ ማኛ ተዳቅለው በ2006 ቁንጮ የተባለው ጤፍ ለገበሬው ቀረበ። ስሙን ያወጣለት ሰው ዐዋቂ ነው!

በ1976 በጀርመን እርዳታ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የዘር ማከማቻም ረዳቱ ሌላ ሥራ አገኘ። ዶክተር መላኩ ወረደ ይመሩት የነበረው ይህ ድርጅት የገበሬውን ነባር ዘር ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ በዚህም ሥራ እርሳቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ዘሩ ግን በብርድ ክፍል ተዘግቶ ብቻ አይኖርም፤ አስቀድሞ መድረቅ፣ በየጊዜውም መብቀሉ መፈተን አለበት። የማይበቅል ዘር የተቀመጠበት ማከማቻ ባዶ ጎተራ ነው፤ ይህንም ቀድሞ የሚያውቀው የበቀሉትን የሚቈጥረው ረዳት ነው።

እንግዲህ ከቅኔ ቤቱ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ቴክኒሻኑ በዲፕሎማ ይገባል፤ በአገልግሎት ብዛት ደረጃው ከፍ ይላል፤ ወደ ተመራማሪነት ለመሻገር ግን ዲግሪ ይጠየቃል። ሃያ ዓመት አበባ ሲያዳቅል የኖረ እጅ ገና ትናንት ለተመረቀ ወጣት ሥራውን ያስተምራል፤ ወጣቱም አለቃው ይሆናል። ለዲግሪው ያለንን አክብሮት ሳንቀንስ፣ ይህ አሠራር ትክክል ነው ለማለት አንደፍርም። በማታና በክረምት ትምህርት ወደ ላይ የወጡ አሉ፤ ነገር ግን ክረምት ጤፍ የሚዘራበትና ረዳቱ ከማሳው የማይለይበት ወቅት ነው።