ዝክርና መዘክር፦ የጦርነት መታሰቢያ በጣና ዳር

ቤተ መዘክር የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘከረ»፥ ማለት «አሰበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ለጻድቁ ወይም ለመልአኩ የሚደገሰው ዝክር፥ ለሟቹም በአርባ ቀኑ የሚወጣው ተዝካር ከዚሁ ግስ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ሙዝየም የሚባለው የቤት ዐይነት ከውጭ አገር የመጣ ቢሆንም፥ ሐሳቡ ለኛ እንግዳ እንዳልሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። በዘመቻ ሞቶ ሬሳው ከሩቅ አገር የቀረ ወታደር፥ መቃብር ባይኖረው እንኳ ተዝካሩ በቤቱ ይወጣለት ነበር። ነገር ግን የሚታሰበው በስሙ ብቻ ነበርና፥ ስሙን የሚያውቁት ወገኖቹ ሲያልቁ መታሰቢያውም አብሮ ያልቅ ነበር። ስሙን ተሸክሞ ለልጅ ልጅ የሚያደርስ ዕቃ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የጣና ዙሪያ ብዙ ጦርነት ያየ አገር ነው። በየካቲት 1535 ዓ. ም. ኢማም አሕመድ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ በወደቀ ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ያህል ጦርነት ተፈጸመ። በጥር 1880 ዓ. ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በደምቢያ፥ በሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ወደ ጎንደር ገባና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። እንዲህ ያለ ጥፋት በመጣ ጊዜ የደሴቶቹ ገዳማት መሸሸጊያ ይሆኑ ነበር። ታንኳ የሌለው ጠላት ውሃውን ለመሻገር ይቸገራልና፥ መጽሐፉም ንዋየ ቅድሳቱም ወደዚያው ይሸሽ ነበር። ስለዚህ ከዘጌው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት አንሥቶ እስከ ደሴቶቹ ድረስ ያሉት ዕቃ ቤቶች፥ በዘውዱና በካባው፥ በብራናውና በመስቀሉ፥ ማንም ቤተ መዘክር ብሎ ሳይሰይማቸው የቤተ መዘክርን ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

ከእነዚህም ሁሉ ዳጋ እስጢፋኖስን የሚያህል የለም። በዚያ ገዳም የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን ከሌሎችም ነገሥታት ጋራ ተጠብቆ ይገኛል። እኛ ከሦስቱ ይልቅ የምናስበው ዐፄ ዘድንግልን ነው። ይህ ወጣት ንጉሥ በ1597 ዓ. ም. የሸፈቱበትን መኳንንት ለመውጋት ወጥቶ በደምቢያ፥ በባርቻ ጦር ሜዳ ተገደለ። አስከሬኑም ወደ ዳጋ ተወስዶ ዐረፈ፤ እነሆ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ሊሳለሙት ወደ ደሴቱ የሚሻገሩ አሉ። (የሚሻገሩትም ወንዶች ብቻ ናቸው፤ በገዳሙ ሥርዐት ሴት ወደ ዳጋ አትገባምና እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህን የታሪክ ክፍል በወሬ ብቻ ነው የሚያውቁት።) ነገር ግን በዚያው ቀን፥ በዚያው ሜዳ ከንጉሡ ጋራ የወደቁት ወታደሮች ስማቸው ማን ነበር? አገራቸውስ የት ነው? ዕቃ ቤቱ ስለ እነርሱ የሚናገረው የለውም። ንጉሡን የሚያኖር ሣጥን ተገኘ፤ ጋሻ ጃግሬው ግን የትም አልተመዘገበም።

ይህን የምንለው ገዳማቱን ለመንቀፍ አይደለም። ገዳም የሚጠብቀው የተሰጠውን ነው፤ ድኻ ወታደር ደግሞ ለገዳም የሚሰጠው ዘውድ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ጦር እንዴት እንደ ዘመተ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዘውዱ የሚማረው ጥቂት ነው። የጥንቱ ዘማች ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። በሶውን በስልቻ የቋጠረችው፥ ድርቆሹን ያዘጋጀችው፥ ብዙ ጊዜም ከሠራዊቱ ኋላ ተከትላ በየሰፈሩ እንጀራ የጋገረችው ሴት ናት። አንድ የተጠገነ ስልቻ፥ አንድ አሮጌ አገልግል፥ ከጋሻውና ከጦሩ አጠገብ ቢቀመጥ፥ ሠራዊቱ በስንት ቀን ከጎጃም ተነሥቶ የት እንደሚደርስና ስንቁ ሲያልቅ በባላገሩ ላይ የሚደርሰውን መከራ ከብዙ ገጽ መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳ ነበር። እስካሁን በየመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ የምናየው ግን ሰይፍና ኒሻን ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. የስታራቼ ጦር ከጎንደር ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ። ከዚያ በኋላ በጎጃም የሆነው የታወቀ ነው፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ በብቸና በኩልም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላትን ዕረፍት ነሡት። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ መጋቢት 28 ቀንም ደብረ ማርቆስ ደረሱ። የባሕር ዳርም የጠላት ጦር በዚያው ዓመት ለቅቆ ወጣ፤ በጎንደር የቀረው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ. ም. እጁን ሰጠ።

የእነዚያ አርበኞች ዕቃ ዛሬ የት ነው ያልን እንደ ሆነ፥ አብዛኛው በየቤቱ ነው። ምንሽሩና አልቢኑ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በጎጃም ባላገር ዘንድ ጠመንጃ የቤት ክብርና የርስት ጠባቂ ሆኖ የኖረ ነውና፥ «ለመታሰቢያ ይሁን፥ ስጠን» ቢሉት «ጥይቱን አምጡልኝ» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። ከጠመንጃው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ወረቀቱ ነው። የአርበኝነት ምስክር ወረቀት፥ ከአለቃ የተጻፈች ቁራጭ ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍ፥ እነዚህ በሣጥን ሥር በምስጥና በእርጥበት ያልቃሉ። የጣና ዳር አየር ለወረቀት ምሕረት የለውም።

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነገር ደግሞ ቤተ መዘክርን የሚፈትን ነው። አምስት ዓመት ጠላትን የተዋጋው ይህ ጀግና፥ በነጻነት ዘመን፥ በጥር 1937 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። መንገደኛው ስሙን አንብቦ ያልፋል፤ ስም ግን ያመሰግናል እንጂ አያስረዳም። ድሉንና ስቅላቱን በአንድ ክፍል ውስጥ፥ አንዱን በአንዱ ሳይሸፍን የሚያሳይ ቤት ያስፈልገዋል። ይህን ማድረግ የሚችል ቤተ መዘክር በእውነት ደፋር ነው።

በዓባይ ማዶ፥ ከወንዙ ዳር፥ የሰማዕታት ሐውልትና ቤተ መዘክሩ ቆሟል። የሚያስበውም ደርግን ለመጣል በተደረገው የትጥቅ ትግል የወደቁትን ነው። ስፍራው ያማረ ነው፤ የሞቱትም የሰው ልጆች ናቸውና መታሰባቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን የወደቀው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ1975 ዓ. ም. የታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ከየቀበሌውና ከየገበሬ ማኅበሩ ወጣቱን እየሰበሰበ ወደ ግንባር ላከ። ከአንድ መንደር የወጡ ልጆች አንዱ በዚህ፥ አንዱ በዚያ ተሰልፈው ሊሆን ይችላል፤ ከ1983 ዓ. ም. በኋላ ግን ሐውልት የተሠራው ለአንዱ ወገን ነው። የሌላው እናት ተዝካር አውጥታ ዝም አለች። እኛ የቆመው ይፍረስ አንልም፤ የቆመን ማፍረስ የታሪክን ገጽ መቅደድ ነው። ከጎኑ ሌላ ክፍል ይሠራ እንላለን፤ በክፍሉም ሳይወድ በግዱ የሄደው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የጻፈው ደብዳቤ ይቀመጥ።

ይህ የማይቻል ሆኖ እንዳይታይ የሩቅ አገር ምሳሌ እንጨምር። ከሚያዝያ 1943 ዓ. ም. ጀምሮ ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሠራዊት ከስድስት ሺህ ሰው በላይ ነበር፤ ከመቶ ሃያ የማያንሱ ሲሞቱ አንድም አልተማረከም። ኮርያውያን በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቆሙ፤ በ1960 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። በ1999 ዓ. ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዘማቾችን መታሰቢያ ቤት ከፈቱላቸው። የኛን ተራ ወታደር ታሪክ ለማየት አምስት ባሕር ተሻግሮ መሄድ መቻሉ ደስ ያሰኛል፤ ጥቂትም ያሳፍራል። ተቃራኒውም አለ፤ በመቅደላ፥ በ1860 ዓ. ም. ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን የተቆረጠውን ጠጉር የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ይዞት ኖሮ የመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ. ም. ነው። ቤተ መዘክር መስታወስም መማረክም ይችላል። በአገራችንም በ2002 ዓ. ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት፥ በየካቲት 2016 ዓ. ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍተዋል፤ ሁለቱም ግን በአዲስ አበባ ናቸው።

ለባሕር ዳር የምንጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። ተማሪው ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፥ መምህሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይስጠው፦ የዘማቹ ስም ከነአባቱ፥ የተወለደበት አጥቢያ፥ የዘመተበት ዓመት፥ አለቃው፥ የወደቀበት ወይም የተመለሰበት ቀን፥ ስንቅ ያቀበለችው ሴት ስም፥ በቤት የቀረ ዕቃ ካለም ዕቃው። ዕቃው ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም፤ ፎቶግራፉ ይበቃል። ከ2013 ዓ. ም. ወዲህ ለደረሰው ጦርነትም እንዲሁ ይደረግ፤ የማን ወገን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ። ፍርዱን የሚጽፈው የኋላ ሰው ነው፤ ስሙን መጻፍ የሚችለው ግን የዛሬ ሰው ብቻ ነው። የአምስቱን ዘመን በዐይናቸው ያዩት አባቶችና እናቶች ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸው፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሊጠየቁ ይገባል።